ሴፕቴምፑንክታታ፦ ባለ ሰባት ነጥብ

ስዊድናዊው ሊቅ ካርል ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. «ኮክሲኔላ ሴፕቴምፑንክታታ» ብሎ በሰየማት ጥንዚዛ ስም ውስጥ ፊተኛው ቃል የወገን ስም ሲሆን፣ ደማቅ ቀይ ከሚል የላቲን ቃል የመጣ ነው፤ ኋለኛው የዝርያ ስም ደግሞ «ባለ ሰባት ነጥብ» ማለት ነው። የዕፅዋትን ጭማቂ የሚመጥጠውን ክሽክሽ የምትበላው ይህች ጥንዚዛ በእያንዳንዱ ጠንካራ የላይኛው ክንፏ ላይ ሦስት ሦስት ጥቁር ነጥብ ሲኖራት፣ ሰባተኛው ሁለቱ ክንፎች በሚጋጠሙበት መስመር ላይ ስለሚያርፍ፣ ልትበር ስትነሣ ለሁለት ይገመሳል፤ ከመልኳ ሁሉ እጅግ የሚያስደንቀውም ይኸው ነው። ይሁን እንጂ ነጥብ መቁጠር ብቻውን ለምደባ አይበቃም፤ «ባለ ሁለት ነጥብ» የተባለችው ዘመዷ አዳሊያ ቢፑንክታታ ቀይ ነጠብጣብ ያለባት ጥቁር ሆናም ትገኛለችና፣ መርማሪው የደረቷን ጋሻ ንድፍና የወንዴውን የመራቢያ አካል ቅርጽ ጭምር መመልከት ይኖርበታል።