እርፍና መስቀል

ስለ ጎጃም የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍትን በገለጥሁ ቁጥር አንድ ሰው ይጎድልብኛል። ንጉሡ አለ፤ ራሱና ደጃዝማቹ አሉ፤ ከዋሸራና ከጎንጅ የወጡ የቅኔ ሊቃውንትም በክብር ተወስተዋል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ሰኞ በሬውን ጠምዶ የሚያርሰው፣ እሑድ ሌሊት ተነሥቶ የሚቀድሰው ሰው ግን ብዙም አይታይም። እኔ የዚያ ሰው የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ መስቀል ሲያሳልሙኝ ግንባሬን የሚነካኝ መስቀሉ ብቻ አልነበረም፤ እርፍ ያሻከረው መዳፋቸውም ጭምር ነበር።

የቀድሞው የገጠር ቄስ ደመወዝተኛ አልነበረም። እንደ ጎረቤቱ ርስቱን ያርሳል፤ አለዚያም ስለ አገልግሎቱ የሰሞን መሬት ይይዛል። አንድ ቅዳሴ ለማድረስ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋልና፣ ትንሿ መንደር እንኳ ታቦቷን ለማክበር ከገበሬው መካከል አምስት አገልጋይ ማውጣት ነበረባት።

የሁለቱ ቁርኝት ጣፋጭም መራራም ነበር። በሰንበቴና በማኅበር አብረው ይቀምሳሉ፤ በወንፈልና በደቦ አብረው ያርሳሉ። ዳሩ ግን በየወሩ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔ ዓለም አለ፤ ሰንበታቱም ሲጨመሩ ምድር ርሳ ሞፈር ሥራ የሚፈታበት ቀን ብዙ ነው። ሆኖም በዓሉን አክብሩ ብሎ የሚያውጀው ቄስ የራሱም ማሳ አብሮ ይውላል። በሬውን ሸጦ ተዝካር ያወጣው ገበሬ ቤት ገብቶ የሚበላው ካህን፣ ነገ ለእናቱ ተዝካር ያው ዕዳ ይጠብቀዋል።

ስለ 17ኛው መቶ ዘመን ሩሲያ ሳነብ ይኸው ሰው በበረዶ አገር አጋጠመኝ። በዚያም የሰበካው ቄስ ባለትዳር ነው፤ ያርሳል፤ ከጥምቀትና ከፍትሐት በሚያገኘው ይደጎማል። ልዩነቱ ከእግር በታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1649 የወጣው ሕግ የሩሲያን ገበሬ ከጌታው መሬት ጋር አሰረው። የጎጃም ባለርስት ግን አስራትና ግብር ለባለጉልቱ ቢከፍልም፣ ጉልተኛው ከአባቶቹ ርስት እንዲነቅለው ወጉ አይፈቅድም። በእርግጥ ይህ ዋስትና የሁሉም አልነበረም፤ ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው አብዛኛውን ጊዜ ከርስት ውጭ ነበሩ።

ርስት ምን ያህል ውድ እንደነበረ በ1960 ዓ.ም. ታየ። የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ፣ ደጋ ዳሞትን ጨምሮ ብዙው የጎጃም ገጠር ያመፀው ከገንዘቡ ይልቅ «መሬታችን ተለክቶ ርስታችን ሊጠፋ ነው» በሚል ፍርሃት ነው። መንግሥት ጦርና አይሮፕላን አዘመተ፤ በኋላ ግን አገረ ገዥው ተዛወሩ፣ ውዝፉም ግብር ተማረ። የተፈራው ከሌላ አቅጣጫ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት አዋጅ ርስቱንም፣ ጉልቱንም፣ ሰሞኑንም በአንድ ቀን ሻረ። ካህኑም እንደ ጎረቤቱ የገበሬ ማኅበር አባል ሆነ።

አንዳንዶች የገጠሩን ቄስ በገበሬው ጫንቃ ላይ የተጫነ ቀንበር ያደርጉታል፤ ሌሎች ደግሞ እንከን የለሽ አባት። እኔ የማውቀው ካህን ቀንበሩን ከገበሬው ጋር የተሸከመ ነው።

አያቴ ሲያርፉ መስቀላቸውን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለን አስቀመጥነው። እርፉን ግን ለለቅሶው ንፍሮ ማገድነው። ታሪካችንን ስንጽፍም ያደረግነው ይህንኑ ይመስለኛል።