የጨው ዋጋ መንገዱ ነው

ወላይታ ብረት ነበራት፤ ጥጥ ነበራት፤ ከብትና እንሰት ነበራት። ጨው ግን አልነበራትም። ሶዶ ከተማ ውስጥ ታሪክ ሳስተምር ተማሪዎቼ ስለ ካዎ (ንጉሥ) አማዶ ካብ፣ ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከምኒልክ ጦር ጋር ስላደረገው ውጊያ ይጠይቁኝ ነበር። ጨዉ ከየት ይመጣ እንደነበር የጠየቀኝ የለም። ጨውና ቅቤ ያልገባበትን ቡና እንደ ቡና የማይቆጥር ሕዝብ ይህን አለመጠየቁ ይገርመኛል።

እንደ ገንዘብም ያገለግል የነበረው የጨው ጡብ፣ አሞሌ፣ የሚቆረጠው አፋር ውስጥ፣ ዳሎል አካባቢ፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ካለ ሜዳ ነው። በግመልና በበቅሎ ተጭኖ የትግራይን ዳገት ይወጣ ነበር፤ ከዚያ ከገበያ ወደ ገበያ እየተሻገረ ወደ ደቡብ ይወርድ ነበር። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን ቆይቶ የጻፈው ዋጋ አሁንም ያስደነግጠኛል። ጨዉ በሚቆፈርበት ቦታ ለአንድ ድራም ወርቅ 120 ወይም 130 አሞሌ ይሰጥ ነበር፤ ንጉሡ ሰፈር ሲደርስ ስድስት ወይም ሰባት ብቻ። ዳሞት ሲገባ ደግሞ በሦስት ወይም በአራት አሞሌ ጥሩ ባሪያ ይገዛል ብለው ነግረውታል። ሽማግሌዎቻችን የዳሞቱን ንጉሥ ሞቶሎሚን ከሶዶ በላይ ካለው ከዳሞታ ተራራ ጋር ያያይዙታል። አልቫሬዝ የሰማው ዳሞት የእኛው ነው ብዬ አልከራከርም፤ ግን ያንን ገጽ ባነበብኩ ቁጥር ዓይኔ ወደ ተራራው ይሄዳል።

አያቴ እንደነገረችኝ፣ አሞሌ ያለው ቤት ከምድጃው በላይ ጭስ ውስጥ ይሰቅለው ነበር። እርጥበት ከነካው ይሟሟል፤ ጫፉ ከተሸረፈ ዋጋው ይወርዳል። ለዚህ ይመስለኛል ወላይታ ማርጩዋ የሚባለውን የብረት ገንዘብ ጎን ለጎን የያዘው። ብረቱ በዝናብ አያልቅም፤ ማንም አይልሰውም። አሞሌ ግን የቸገረው ቀን ፈርፍሮ ወጥ ውስጥ የሚጨምረው ገንዘብ ነው።

ጨው ሲወጣ ለማየት የሄድኩት ወደ ሰሜን ሳይሆን ወደ ቦረና ነው። ከያቤሎ በሞያሌ መንገድ ወርዶ ከዱብሉቅ አለፍ ሲሉ ጨው ቤት አለ፤ ቦረናዎች ኤል ሶድ ይሉታል። እሳተ ገሞራ የቦረቦረው ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ከታች ጥቁር ሐይቅ። ቁልቁለቱ ጉልበቴን አንቀጠቀጠው፤ አህዮቹ ግን ጭነው ሽቅብ ያልፉኛል። ጠላቂዎቹ አፍንጫና ጆሯቸውን ደፍነው ይገባሉ፤ በረጅም እንጨት የሐይቁን ወለል ያላቅቁና ጭቃ የመሰለውን ጨው ዝቀው ይወጣሉ። ጥቁሩ ለከብት፣ ነጩ ለሰው ነው። ገላቸው በጨው ተልጦ አየሁ። ዋጋ ብጠይቃቸው ከሐይቁ ዳር ያለው ሌላ፣ አፋፉ ላይ ያለው ሌላ ሆኖ አገኘሁት። የአልቫሬዝ ሒሳብ ገና እዚያው ገደል ውስጥ ይጀምራል።

ዛሬ ሶዶ ገበያ የሚሸጠው ጨው አዮዲን ይጨመርበታል፤ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2003 ዓ.ም. ያወጣው ደንብ ያስገድዳል። አዮዲን ሲጎድል ስለሚመጣው እንቅርት ሳስብ የሚቆጨኝ ይህ ነው፦ ያ ሁሉ ዋጋ የተከፈለበት አሞሌ ለደጋ ሰው የሚበቃ አዮዲን አልነበረውም።