«አውስትራሊያ» የተባለው ፊልምና የአባቶች ዕዳ

የአባቶቹን ታሪክ በታላቅ ወጪ በፊልም አሠርቶ ለዓለም የሚያሳይ ሕዝብ፥ ከተመልካች ጭብጨባ ብቻ ሳይሆን ፍርድም እንደሚጠብቀው ማወቅ ይገባዋል። ባዝ ሉርማን የተባለው አውስትራሊያዊ አዘጋጅ በ2008 ዓ.ም. (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንጽፋለን) ያወጣው ፊልም ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት ነው። የአገሩን ስም ራሱን ርእስ አድርጎ ስለ ተነሣ እኛም የጠበቅነው ብዙ ነበር። ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ተቀምጠን ከተመለከትነው በኋላ ግን የተረፈን ቅሬታ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ሌዲ ሣራ አሽሊ የተባለች እንግሊዛዊት ባላባት በ1939 ወደ አውስትራሊያ ሰሜናዊ ግዛት መጥታ፥ የተገደለው ባሏን የከብት ርቢ ርስት ትረከባለች፤ ከአንድ ከብት ነጂ ጋራም 1,500 ከብት እየነዳች ወደ ዳርዊን ወደብ ትጓዛለች፤ ፍቅሩም በመንገድ ይጸናል። ናላ የሚባለው ክልስ ልጅ ፖሊስ እንዳይወስደው ከእናቱ ጋራ በውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ሲደበቅ እናቱ ሰጥማ ትሞታለች። ይህን ያየ ሰው ልቡ ሳይነካ አይቀርም። ልጁን ሆኖ የተጫወተው ብራንደን ዎልተርስ፥ ከስመ ጥሮቹ ተዋንያን ይልቅ ፊልሙን ተሸክሞታል ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ቅሬታችን የሚጀምረው የልጁ አባት ማን እንደ ሆነ ሲገለጥ ነው። ፍሌቸር የሚባለው የርስቱ ኃላፊ ሌባም፥ ነፍሰ ገዳይም፥ ልጁን የካደ አባትም ሆኖ ቀርቧል። የዘመኑ ኃጢአት ሁሉ በእርሱ ጫንቃ ላይ ተከመረ፤ የልጁ አያት በጦር ወግተው ሲጥሉትም ተመልካቹ እፎይ ይላል። በታሪክ የሆነው ግን እንዲህ አይደለም። ልጆቹን ከእናቶቻቸው ጉያ የነጠቀው ሕግ ነበር። በሰሜናዊው ግዛት በ1918 የወጣው ድንጋጌ የአገሩን ተወላጆች ልጆች ሁሉ ሕጋዊ ሞግዚትነት «ዋና ጠባቂ» ለሚባል ሹም ሰጠ፤ እናት በሕይወት ብትኖርም እንኳ። ይህን የፈጸሙት ሽፍቶች ሳይሆኑ ደመወዝተኞች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በጎ ሥራ የሠሩ ይመስላቸው ነበር። ጽሕፈት ቤት የሚውል አንባቢያችን የዚህን አስፈሪነት ከማንም ይልቅ ይረዳዋል። በ1997 የቀረበው የምርመራ ሪፖርት፥ ከ1910 እስከ 1970 ባለው ጊዜ ከሦስት ልጆች አንዱ፥ ቢያንስ ከዐሥር አንዱ፥ በግድ እንደ ተወሰደ ገምቷል።

ሁለተኛው ነገር የጉልበት ዋጋ ነው። በዚያ አገር የከብቱ ሀብት የተገነባው በተወላጆቹ ጉልበት ሲሆን፥ ብዙዎቹ የሚከፈላቸው ዱቄት፥ ሻይ፥ ስኳርና ሥጋ ነበር። በፊልሙ ውስጥ ይህ ጉዳይ ሆኖ አልተነሣም። በነሐሴ ወር 1966 ቪንሰንት ሊንጊያሪ የሚባሉ የጉሪንጂ ሽማግሌ 200 ያህል ሰዎች አስከትለው፥ ቬስቲ የተባለ የእንግሊዝ ኩባንያ ይዞት ከነበረው ከዌቭ ሂል ርስት ወጡ። ነገሩ የደመወዝ ብቻ መስሎ ነበር፤ እነርሱ ግን መሬታችንን ብለው ዘጠኝ ዓመት ጸኑ። በ1975 ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላም መጥተው በሽማግሌው መዳፍ ላይ አፈር አፈሰሱላቸው። ይህ ለፊልም አይመችም የሚል ካለ እኛ አንስማማም።

በየካቲት 1942 በዳርዊን ላይ የወረደው የጃፓን ቦምብ እውነት ነው፤ ከ230 በላይ ሰዎች አልቀውበታል። ፊልሙ ግን በዚህ ሳይረካ የጃፓን ወታደሮችን በአንዲት የሚሲዮን ደሴት ላይ አውርዶ፥ የከብት ነጂውን ተወላጅ ጓደኛ ያስገድላል። እንዲህ ያለ ነገር ከቶ አልተደረገም። የተደረገውስ? አይሮፕላኑ ተመትቶ በሜልቪል ደሴት ላይ የወደቀውን ጃፓናዊ አብራሪ የማረከው ማቲያስ ኡሉንጉራ የተባለ የደሴቲቱ የቲዊ ተወላጅ ነበር፤ በአውስትራሊያ ምድር የተማረከ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ይኸው ነው። እውነቱ ተወላጁን ማራኪ አደረገው፤ ልብ ወለዱ ግን ስለ ነጭ ወዳጁ የሚሞት አደረገው።

በፍጻሜው መንግሥት በ2008 ስለ ተነጠቁት ልጆች ይቅርታ እንደ ጠየቀ በጽሑፍ ይነበባል። ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ በዚያ ዓመት የካቲት ወር በምክር ቤት ቆመው ይቅርታ የጠየቁት ተከታታይ ምክር ቤቶችና መንግሥታት ስላወጧቸው ሕጎች ነበር፤ ስለ ፍሌቸር አልነበረም።