ብሔራዊ ባንክ የየትኛው ብሔር ነው?

ብሔራዊ ባንክ የየትኛውም ብሔር ባንክ አይደለም። ብሔራዊ ሎተሪ የሚቆርጥ ሰው ብሔሩን አይጠየቅም፤ ብሔራዊ ቡድኑ ሜዳ ሲገባም ጩኸቱ ለኢትዮጵያ ነው። ‹ብሔርህ ምንድን ነው?› የተባለ ሰው ግን ‹ኢትዮጵያ› ብሎ ቢመልስ ጠያቂው ወይ ይስቃል ወይ ይቆጣል። ቅጽሉ ሀገሩን በሙሉ ያቅፋል፤ ስሙ ደግሞ ከሀገሩ ውስጥ አንዱን ወገን ለይቶ ያወጣል። ከአንድ ሥር የበቀሉ ሁለት ቃላት እንዲህ ፊትና ኋላ የሆኑት እንግሊዝኛው ‹ኔሽን› የሚለውን ባለ ብዙ ፍቺ ቃል ወደ አማርኛ ለማምጣት በተደረገው ረጅም ምርጫ ውስጥ ነው። የቀደሙት ተርጓሚዎች ቃሉን ሳይሆን ነገሩን እያዩ ስለመረጡ እምብዛም አልተቸገሩም። ችግሩ የጀመረው ለአንድ የባዕድ ቃል አንድ ቋሚ አቻ ይበቃል ከተባለ ወዲህ ነው ብዬ አምናለሁ።

‹ኔሽን› ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩም መወለድ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪው በዚህ አንድ ቃል ሕዝብ፣ ሀገር፣ መንግሥት፣ ወይም በቋንቋና በትውልድ የተሳሰረ ማኅበረሰብ ሊል ይችላል፤ የቱን እንዳለ የሚታወቀው ከዐረፍተ ነገሩ ነው። አማርኛ እነዚህን በየስማቸው ስለሚጠራ ተርጓሚው መምረጥ ግዴታው ነው። ምርጫው ምን ይመስል እንደነበር ለማየት መጽሐፍ ቅዱስን መግለጥ ይበቃል። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ከእንግሊዝኛ የተቀዳ አይደለም፤ ቢሆንም እንግሊዝኛው ‹ኔሽን› በሚልባቸው ቦታዎች አማርኛው ምን እንዳለ ጎን ለጎን ማየት ይቻላል። ለአብርሃም በተሰጠው ተስፋ ላይ ቃሉ ሕዝብ ነው። በሲና ተራራ ለእስራኤል በተነገረውም ሕዝብ ነው። በማቴዎስ ወንጌል መጨረሻ፣ ደቀ መዛሙርት ወደ ዓለም ሁሉ ሲላኩ፣ አሕዛብ ይሆናል። አሕዛብ የሕዝብ ብዙ ቁጥር ነው፤ ነገር ግን በአማርኛ ‹ያላመኑ› የሚል ጥላ አጥልቶበት ከነጠላው ጋር ተለያይቷል። አሥራ ሁለቱ የእስራኤል ክፍሎች ሌላ ቃል አላቸው፦ ነገድ። በእነዚህ በታወቁ ቦታዎች አንዱም ላይ ብሔር አልገባም።

ሊገባም አይችልም ነበር። ብሔር በግእዝ ሰው ሳይሆን ቦታ ነው፤ ምድር፣ አገር፣ አውራጃ ማለት ነው። እግዚአብሔር የሚለው ስም እግዚእና ብሔር የተጋጠሙበት፣ የዓለም ጌታ ማለት ነው እንጂ የአንድ ወገን ጌታ ማለት አይደለም። ብሔረ ብፁዓን የብፁዓን አገር፣ ብሔረ ሕያዋን የሕያዋን አገር ነው። ብሔረሰብ ደግሞ ሰብን ሲጨምር የአንድ አገር ሰው ወደ ማለት ይጠጋል። ይህን ልብ ይሏል፤ ኋላ ላይ እንመለስበታለን።

በሃያኛው ክፍለ ዘመን ኢትዮጵያ ከውጭው ዓለም ጋር በሰነድ መነጋገር ስታበዛ ‹ኔሽን› በየደብዳቤው መጣ። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. የገባችበት የጄኔቫ ጉባኤ በእንግሊዝኛ ስሙ የኔሽኖች ሊግ ነበር፤ በአማርኛ የዓለም መንግሥታት ማኅበር ተባለ። በ1937 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ ቻርተሩ የተፈረመው ድርጅትም የተባበሩት መንግሥታት ሆነ። ይህ ትርጉም ከምንጩ የበለጠ እውነተኛ ነው። በዚያ አዳራሽ ወንበር ያላቸው መንግሥታት ናቸው፤ መንግሥት የሌለው ሕዝብ፣ የቱንም ያህል ብዙ ቢሆን፣ ድምፅ አይሰጥም። እንግሊዝኛው ይህን ይሸፍናል፤ አማርኛው ይናገራል። ‹ናሽናሊቲ› ለሚለውም፣ አንድን ሰው ከአንድ መንግሥት ጋር የሚያስተሳስረውን ሕጋዊ ገመድ ሲመለከት፣ ዜግነት ተመረጠ። ቃሉ የራሱ ጉድ አለው፦ በጎንደር ዘመን የመሬት ሰነዶች ዜጋ ማለት በሌላው መሬት ላይ የሚያርስ ጥገኛ ነበር። ጥገኛው ባለመብት ሆኖ ተነሣ፤ ዛሬ ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ነው።

ብሔራዊ የሚለው ቅጽልም በዚሁ ዘመን ቦታውን ያዘ። ሎተሪው በ1954 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ብሔራዊ ባንክ በ1956 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ከአብዮቱ በኋላ ስሙ ሲቀየር ብሔራዊ ቴአትር ተባለ። በእነዚህ ስሞች ውስጥ ብሔር የጥንት ፍቺውን አልለቀቀም፤ አገር ነው፣ ብሔራዊ ማለትም የአገር ማለት ነው። ሰሚው ግእዝ ባያውቅም ስሕተት አልነበረበትም።

ስሙ ወደ ሌላ መንገድ የገባው በተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ነው። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ተማሪው ዋለልኝ መኰንን በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋዜጣ ላይ ያወጣው ጽሑፍ ኢትዮጵያ ገና አንድ ‹ኔሽን› አይደለችም፣ የብዙ ‹ናሽናሊቲዎች› ስብስብ ናት ይላል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ክርክሩ በሀገር ውስጥም፣ በአውሮፓና በአሜሪካ በነበሩት ተማሪዎች ዘንድም፣ በእንግሊዝኛ ከተነበበ የሩሲያ ማርክሲዝም ተቀዳ፤ ስታሊን በ1913 እ.ኤ.አ. የሰጠው የኔሽን ፍቺም መለኪያ ሆኖ ይጠቀስ ነበር። ሩሲያኛ የሕዝብ ዓይነቶችን በደረጃ የሚለዩ በርካታ ቃላት ነበሩት፤ አማርኛም ለየደረጃው ቃል ማቅረብ ነበረበት። ደርግ በ1968 ዓ.ም. ባወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ብሔረሰብን ተጠቀመ። እዚያው ሰነድ ላይ ርእሱ ብሔራዊ ብሎ ሀገሩን ሲጠራ ውስጡ ብሔረሰብ ብሎ ክፍሎቹን ይጠራል። በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው የጥናት ተቋምም የኢትዮጵያ ብሔረሰቦች ጥናት ኢንስቲትዩት ነበር። በእኔ ሚዛን ብሔረሰብ ከሁሉም የተሻለው ምርጫ ነበር፦ ሰብ በግልጽ ስላለበት ከብሔራዊ ጋር አይምታታም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ግን በብሔረሰብ አልቆመም፤ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦች ብሎ ሦስቱን ደረደረ። አንቀጽ 39 ንኡስ አንቀጽ 5 ለሦስቱም አንድ ፍቺ ይሰጣል። የትኛው ማኅበረሰብ ብሔር፣ የትኛው ብሔረሰብ እንደሆነ ከሰነዱ ማወቅ አይቻልም፤ ደረጃው ቀርቶ ስሙ ብቻ ተርፏል። በሌላ በኩል እንግሊዝኛው ቅጂ አንቀጽ 6 ላይም አንቀጽ 39 ላይም ያንኑ ‹ናሽናሊቲ› ይጽፋል። አማርኛው በመጀመሪያው ዜግነት፣ በሁለተኛው ብሔረሰብ ይላል። አንቀጽ 106 የመጨረሻውን ሕጋዊ እውቅና ለአማርኛው ቅጂ መስጠቱ እዚህ ላይ ትርጉም አለው። እንግሊዝኛው አንባቢውን የሚያሳስትበት ቦታ አማርኛው ጥርት ያለ ነው፤ አማርኛው የሚያሳስተው በራሱ ልጆች፣ በብሔርና በብሔራዊ ብቻ ነው።

ሰው የሚጣላው በመሬት፣ በሥልጣንና በቋንቋ መብት ነው፤ መዝገበ ቃላት ምን አገባው? የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ቃሉ ሌላ ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ይቀር ነበር ብሎ የሚከራከር የዋህ ነው፤ የተማሪዎቹን ጥያቄ የወለደው ኑሮ ነው። ሆኖም ጥያቄ አንዴ ከተነሣ በኋላ በምን ስም እንደሚጠራ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ብሔርተኛ የሚለውን ይመልከቱ፦ የአንድን ወገን ጥቅም የሚያስቀድም ማለት ሆኗል። ብሔራዊ ስሜት ያለው ሲባል ደግሞ ሀገሩን የሚወድ ነው። ሁለት ተከራካሪዎች በአንድ ሥር እየተጠሩ አንዱ ሲሰደብ ሌላው ይመሰገናል። ቋንቋ ይለወጣል፣ የግእዙ ፍቺ ለዛሬ ሰው ዳኛ ሊሆን አይችልም የሚለው ሌላው ተቃውሞም ተቀባይነት አለው፤ የዜጋን ጉዞ ያየ ሰው በቃል መለወጥ አይደነግጥም። ዜጋ ሲለወጥ ግን ዜግነትም አብሮት ተለወጠ። ብሔር ሲሄድ ብሔራዊ ባለበት ቀረ፤ ቅር የሚለኝ ይኸው ነው።

ታዲያ ነገድ ወይም ጎሣ አይሻልም ነበር? የሚሉም አሉ። አይሻልም። ሁለቱም የደም ሐረግ ይቆጥራሉ፤ ጎሣ በሚሊዮኖች ለሚቆጠር፣ የራሱ ቋንቋና ፊደል ላለው ማኅበረሰብ ሲሰጥ ስድብ ይመስላል። ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ይህን መሸሻቸው ተገቢ ነበር። የሚገርመው፣ ማኅበረሰብን ለመጥራት የመረጡት ቃል በጥንት ፍቺው የሰው ሳይሆን የመሬት ስም መሆኑ ነው።

አማርኛ ራሱ መፍትሔ እየፈለገ ይመስላል። ምርጫ የሚያስፈጽመው ተቋም አሁንም ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመው የምክክር ኮሚሽን ግን በእንግሊዝኛ ስሙ ውስጥ ያው ‹ናሽናል› እያለ በአማርኛ ሀገራዊ ምክክር ኮሚሽን ተባለ። ብሔራዊ ምክክር ቢባል ኖሮ ብዙ ሰው የብሔሮች ድርድር ብሎ ይሰማው ነበር ብዬ እገምታለሁ። ቅጽሉ ከስሙ ጥላ እየሸሸ ነው ማለት ነው። መታወቂያ ላይ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፦ ሀገር አቀፍ ያልነበረው የቀበሌ ካርድ ‹ብሔር› የሚል መስመር ነበረው፤ ብሔራዊ መታወቂያ ተብሎ የመጣው ፋይዳ ብሔር አይጠይቅም።