ቀለበትህን ጎጀብ ውስጥ አትጣል

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን አቅርባችሁ አንብቡት።

ባለፈው እሑድ ያስተማርኩት አንድ ልጅ ቦንጋ ቤቴ ድረስ መጣ። ፓስፖርቱን አውጥቷል፣ ቪዛውም ደርሷል፣ ቀኑም ተቆርጧል። ቢያንስ አምስት ዓመት ይቆያል። ሊሰናበተኝ ነበር የመጣው። ስለ ሻንጣ ኪሎ፣ ስለ ብርድ፣ እናቱ ስላዘጋጀችለት በሶና ማር ስናወራ ቆየን። ሊነሳ ሲል «ቲቸር፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ» አለኝ። «የአባቴን የቡና ማሳ ለሰው ላስተላልፍ ነው። የትኬቱንም የሌላውንም ዕዳ በሱ ልዝጋ ብዬ ነው።»

መሬት በሕግ አይሸጥም። ግን ሁላችንም እንደምናውቀው «ኮንትራት» እየተባለ ለብዙ ዓመት ይሄዳል፤ ባለቤቱ ሲመለስ ደግሞ ማሳው የማን እንደነበር የሚመሰክር ሽማግሌ አይገኝም። ለልጁ ወዲያው መልስ አልሰጠሁትም። ምን ላርግ፣ የታሪክ መምህር ሲጨንቀው ወደ ኋላ ነው የሚያየው። ማታውን የካፋ ሰው በየዘመኑ ከአገሩ እንዴት ይወጣ እንደነበር ሳስብ አመሸሁ። ይህን የምጽፈው ለሱ ነው። ግን ከናንተም ውስጥ ሻንጣ እያሰራችሁ ያላችሁ ብዙ ናችሁና እዚህ ለጠፍኩት።

ከቦንጋ ወደ ጅማ ስንሄድ ጎጀብን እንሻገራለን። ዛሬ ስልካችንን እየነካካን፣ ቀና እንኳን ሳንል እናልፈዋለን። ድሮ ግን ጎጀብ የአገር ዳር ነበር። የካፋ ነገሥታት ድንበራቸውን በቦይና በእንጨት አጥር አጥረው፣ በየበሩ ዘበኛ አቁመው ነበር። ያለ ንጉሡ ፈቃድ መግባት የለም፤ መውጣትም የለም። የውጭ ነጋዴ ቦንጋ ይመጣል፣ ይነግዳል፣ ከዚያ አልፎ ግን እንደ ልቡ አይዞርም። አባ ማስያስ የሚባሉት ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1859 ካፋ ገቡ፤ በ1861 ውጡ ተባሉና ወጡ።

ታዲያ በዚያ ዘመን ጎጀብን ተሻግሮ ለረጅም ጊዜ የሚሄድ የካፋ ሰው ማን ነበር? እኔ ሦስት ዓይነት ሰው ይታየኛል።

የመጀመሪያዋ ሙሽራ ናት። እ.ኤ.አ. በ1843 መጨረሻ የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ቤተ መንግሥት ልጅ ሊያገባ ፈልጎ አጃቢ ላከ። ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ ቦንጋን ያያት ከዚህ አጃቢ ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ሁለት ሳምንት እንኳን ሳይሞላው ተመለሰ። እኔን የሚገርመኝ ግን የፈረንጁ መምጣት ሳይሆን የሙሽራይቱ አወጣጥ ነው። አስቡት፤ ለዘላለም ነው የምትሄደው። ነገር ግን ሁለት ነገሥታት ተነጋግረውላታል። የሚወስዳት ሰው እቤቷ ድረስ መጥቷል። በሄደችበት የሚቀበላት ይታወቃል፤ ከኋላዋ ያለው ዘመድ ማን እንደሆነም እዚያ ያለው ሰው ያውቃል። ቢከፋት «የማን ልጅ ናት» ሲባል መልስ አለ። ከአገር መውጣት እንዲህ ሲሆን መንገዱ በሁለቱም ጫፍ ታስሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው ባሪያ ተብሎ የተሸጠው ሰው ነው። ስለዚህ ማውራት አንወድም፤ ግን ታሪካችን ነው። ከካፋና ከአካባቢዋ የተያዙ ሰዎች በጎጀብ በኩል ወደ ጅማና ወደ ሊሙ፣ ከዚያ ዓባይን ተሻግረው ወደ ጎጃም ገበያ፣ ሲብስም ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ይነዱ ነበር። ሻጩም ሁልጊዜ የውጭ ሰው አልነበረም፤ የአገሩ ባለሥልጣናትም በንግዱ እጃቸው ነበረበት። የተሸጠ ሰው ምን ስንቅ ይይዛል? ምንም። ብዙ ጊዜ ስሙ እንኳን አብሮት አይሄድም፤ ገዢው በፈለገው ስም ይጠራዋል። ከሄደ በኋላ የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ እሱም ያሉበትን የሚጠይቅበት መንገድ የለውም። ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ተቆርጧል።

ሦስተኛው ንጉሡ ራሳቸው ናቸው። ታቶ ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1890 ነገሡ። በ1889 ዓ.ም. የአፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት ካፋ ላይ ዘመተ። ደጃዝማች ተሰማ ናደውና ደጃዝማች ደምሰው በሌላ በኩል መጡ፤ የጅማው አባ ጅፋርም ጦር አሰለፉ። ያ ሁሉ ቦይና አጥር ጠመንጃ አላቆመም። ንጉሡ ግን ቶሎ እጅ አልሰጡም፤ ጫካ ለጫካ ወራት ቆይተው 1890 ዓ.ም. ሲብት ተያዙ። በሰንሰለት ታስረው ወደ መሐል አገር ተወሰዱ፤ ከዚያም ካፋን ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1919 በግዞት አረፉ። ሃያ ሁለት ዓመት ገደማ ማለት ነው። ዘውዱም የራሱን ስደት ተሰደደ። የምኒልክ አማካሪ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ወደ አገሩ ወሰደው፤ ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው።

ሽማግሌዎቻችን የሚያወሩትን ታውቁታላችሁ። ንጉሡ ጎጀብ ሲደርሱ የወርቅ ቀለበታቸውን ከጣታቸው አውልቀው ወንዙ ውስጥ ጣሉት ይባላል። ከእንግዲህ የካፋ ንጉሥ የለም ማለታቸው ነው። ክፍል ውስጥ ይህን ስነግራችሁ ሁሌም ዝም ትሉ ነበር፤ ትዝ ይላችኋል?

ለብዙ ዓመት ይህን ታሪክ የኩራት ታሪክ አድርጌ ነው ያስተማርኩት። አሁንም ኩራት ነው። ዕድሜ ሲጨምር ግን ሌላም ነገር አየሁበት። ካፋ ለዘመናት የተዘጋጀችው ሰው እንዳይገባባት ነበር። ልጇ በሰላም ወጥቶ በሰላም እንዲመለስ ግን እምብዛም አልተዘጋጀችም። ያ ቀን ሲመጣ ንጉሡ የሚጥሉት ቀለበት እንጂ የሚተማመኑበት መመለሻ አልነበራቸውም።

አሁን ከካፋ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ በደንብ ተዘጋጅቶ ስለሄደ ሰው ልንገራችሁ። ነገሩ ዞሮ እኛው ጋ ይመለሳል።

አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ሚያዝያ 8 ቀን 1916 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በባቡር ተነሥተው ወደ ጂቡቲ ወረዱ። ኢየሩሳሌም፣ ካይሮ፣ ፓሪስ፣ ብራስልስ፣ ስቶክሆልም፣ ሮም፣ ለንደን፣ አቴንስ፤ የተመለሱት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው። ያን ጊዜ የአልጋው ባለቤት ንግሥት ዘውዲቱ ናቸው፤ መኳንንቱም ባህር ማዶ የሚለውን ነገር በጥርጣሬ ነው የሚያየው። አራት ወር ተኩል ቤተ መንግሥቱን ትቶ መሄድ ቀልድ አልነበረም። ስለዚህ ሰውየው ከሻንጣው በፊት ቤቱን አሰናዱ። ጉዳዩን ከንግሥቲቱና ከመኳንንቱ ጋር ተመካከሩበት። ከዚያ የጎጃሙን ራስ ኃይሉንና የትግራዩን ራስ ሥዩምን አብረው ይዘው ሄዱ። ክብር ነው፤ ግን ብልጠትም ነው። እቤት ትተኸው ስትሄድ እንቅልፍ የሚነሳህን ሰው አብረኸው ብትጓዝ ይሻላል!

ሌላም ዝግጅት ነበር። ኢትዮጵያ የመንግሥታት ማኅበር አባል የሆነችው መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ ስትገባም የባሪያ ንግድንና ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታ ነው። ራስ ተፈሪ አውሮፓ ሲደርሱ መጀመሪያ የሚጠየቁት ምን እንደሆነ ያውቁ ነበር። ከመነሳታቸው ሁለት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ መጋቢት 22 ቀን፣ ባሪያዎች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት አዋጅ ታወጀ። ከጎጀብ ወዲህ ስንትና ስንት ሰው ያለቀበት ነገር የንጉሥ ጉዞ ስንቅ ሆኖ ሻንጣ ውስጥ ገባ ማለት ነው። አዋጁ በእኛ አካባቢ መሬት የነካው በጣም ዘግይቶ ነው፤ ባርነት ሙሉ በሙሉ በሕግ የተከለከለውም በ1934 ዓ.ም. ነው። ቢሆንም ከዚያ ጉዞ አንድ ትምህርት አገኛለሁ፤ ሩቅ አገር ልትሄድ ስትነሳ መጀመሪያ የሚታየው የቤትህ ገበና ነው፤ አስተካክለህ ውጣ።

ራስ ተፈሪ ያሰቡትን ሁሉ አላገኙም። ከዋናዎቹ ጉዳዮች አንዱ የባህር በር ነበር፤ በዚያ በኩል ባዶ እጃቸውን ነው የተመለሱት። ግን ሲመለሱ ቦታቸው ጠበቃቸው። ለእኔ ዝግጅት ማለት ይህ ነው። የሄድክበት ባይሳካ እንኳ የምትመለስበት እንዳይጠፋ ማድረግ።

ይህ የመሳፍንት ነገር ነው፣ እኛ ምን አገባን እንዳትሉኝ። ወደ ራሳችን ዘመን ልምጣ። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዓረቢያ የተባረሩትን ታስታውሳላችሁ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ናቸው የተመለሱት። ብዙዎቹ ቦሌ ሲደርሱ በእጃቸው አንድ ፌስታል ነበር። እኛም ሰፈር የመጡ ነበሩ። ሁለት እህትማማች የሚመስሉ ጓደኛሞች አውቃለሁ፤ አንድ ቀን ሄደው አንድ ቀን ተመለሱ። አንደኛዋ ስትሄድ ለእናቷ ትንሽ ቡናና አንዲት ጊደር ትታ ነበር፣ በራሷ ስምም የባንክ ደብተር ነበራት። ሌላኛዋ ያላትን ሁሉ ሸጣ ሄደች፤ የላከችውንም ገንዘብ የተላከለት ዘመድ በላው። ሁለቱም እኩል ነው የለፉት። የመጀመሪያዋ ዛሬ ቡና ታስለቅማለች። ሁለተኛዋ ስድስት ወር ሳይሞላት ተመልሳ ሄደች፤ የምትቀመጥበት ስላልነበራት ነው እንጂ መሄድ ወዳ አይደለም።

እንግዲህ ልጄ፣ አሁን ለአንተ ነው የማወራው።

እኔ አትሂድ አልልህም። አትሂድ የሚል መምህር የደሞዙን ነገር ረስቶታል። ሂድ። ግን ሻንጣውን ከመዝጋትህ በፊት እነዚህን ጨርስ።

ማሳውን ለረጅም ዓመት አታስተላልፍ። ፍሬውን ሽጥ፣ ግንዱን አትሽጥ። የዘንድሮውን ለቀማ ምርት ለዕዳው ስጥ። ከዚያ በኋላ አጎትህ ወይም ጎረቤትህ እየተንከባከበ፣ እየለቀመ እኩል እንዲካፈል አድርግ። በቃል ሳይሆን በጽሑፍ፣ በምስክር፣ ለሁለት ለሦስት ዓመት ብቻ፤ ሲያልቅ ይታደሳል። የይዞታ ደብተሩ እናትህ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ።

ውክልና የምትሰጥ ከሆነ ምን ምን ማድረግ እንደሚችል ተቆጥሮ ይጻፍ። «ሁሉን ማድረግ ይችላል» የሚል ውክልና ቤትህን በር ከፍተህ መሄድ ነው።

የባንክ ደብተርህ በስምህ ይሁን። ለቤተሰብ የምትልከው ሌላ፣ ለራስህ የምታስቀምጠው ሌላ።

የፓስፖርትህን፣ የቪዛህንና የሥራ ውልህን ኮፒ ለእናትህና ለአንድ የምታምነው ጓደኛህ ስጥ። እዚያ የሚቀበልህ ሰው ስልክ እዚህ ይታወቅ፤ የእናትህ ስልክም እዚያ ይታወቅ። ያቺ ሙሽራ የነበራት ይህ ነው፤ እነዚያ የተሸጡት ያጡትም ይህ ነው።

የመጨረሻው፣ አባትህ ጋ አንድ ቀን ሙሉ ተቀመጥ። የማሳውን ወሰን በእግራችሁ ዙሩት። የቱ ዛፍ በማን ተተከለ፣ የአባቱ አባት ማን ነበር፣ ይህን ሁሉ በካፊኖኖ ይንገርህና በስልክህ ቅዳው። ኪሎ አይጨምርብህም፤ ኤርፖርት ላይም አይከፈልበትም። አምስት ዓመት ረጅም ነው፤ አባትህም ልጅ አይደሉም።

የቀረው ዕዳ ከየት ይምጣ ትለኝ ይሆናል። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሙሉ መልስ የለኝም። ግን አብረውህ የተማሩት እዚህ ፔጅ ላይ አሉ፤ ዕቁብ ያላቸው አሉ፤ እኔም የአቅሜን እጨምራለሁ። ሲሆን ሲሆን ጉዞህን አንድ ወር አራዝመው። ከአምስት ዓመት ላይ አንድ ወር ምንድነው?

ንጉሣችን ቀለበታቸውን ጎጀብ ውስጥ የጣሉት በሰንሰለት ታስረው ነው። መመለሻ እንደሌላቸው አውቀው ነው። በክብር አደረጉት፤ ማንም አይወቅሳቸውም። አንተን ግን ያሰረህ የለም። ትኬትህን በእጅህ ይዘህ፣ በራስህ እግር ነው የምትሻገረው። ቀለበቱን ጣትህ ላይ አድርገህ ተሻገር።

ይህን ከመለጠፌ በፊት ደውዬ አነበብኩለት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ቅዳሜ ከአባቴ ጋር ማሳውን እንዞራለን» አለኝ። ስለ ኮንትራቱ ገና አልወሰነም። እናንተ ደግሞ ወጥታችሁ የምታውቁ፣ ስትሄዱ ምነው ይህን ባደረግሁ ያላችሁት ነገር ካለ ከታች ጻፉለት። ያነበዋል። ቸር ሰንብቱ።