የአእምሮ ሕክምና ነርስ ትምህርት፦ ከማክሊን እስከ አማኑኤል

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በአሜሪካ የአእምሮ ሕሙማን መጠለያዎች ይሠሩ ከነበሩት ጠባቂዎች የሚፈለገው ጉልበትና ትዕግሥት እንጂ ዕውቀት አልነበረም። በዚህ ዓይነት ተቋም ውስጥ የመጀመሪያው የነርሶች ትምህርት ቤት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1882 በማሳቹሴትስ፣ በማክሊን መጠለያ ሲሆን፣ አሳቡን በሥራ ያዋሉት ሐኪሙ ኤድዋርድ ካውልስ ነበሩ። ጠቅላላ የነርስ ትምህርት ቤቶች ግን መስኩን እንደ ባዕድ ስለቆጠሩት፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ቀዳሚ ሆኖ በሥርዓተ ትምህርቱ ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1913 ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ሕግ ከሳይካትሪስቶች ጎን ለነርሶችም የሥልጠና ገንዘብ አስገኘ። በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ አገር በነበረ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታል ያገለገሉት ነርስ ሂልደጋርድ ፔፕላው፣ ስለ ነርስና ስለ በሽተኛ ግንኙነት የጻፉትን መጽሐፍ በ1948 ቢጨርሱም፣ የሐኪም ስም በተባባሪ ደራሲነት ሳይታከልበት ነርስ ብቻዋን ልታሳትም አይገባም በመባሉ እስከ 1952 ዘገየ። መዘግየቱ ብቻውን የዘመኑን አስተሳሰብ ይናገራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ፔፕላው በራትገርስ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ስፔሻሊስቶችን በማስተርስ ደረጃ የሚያሠለጥነውን የመጀመሪያ ፕሮግራም አቋቋሙ። እዚያ ተማሪዋ ከበሽተኛው ጋር የተነጋገረችውን ቃል በቃል ጽፋ ታቀርብ፣ መምህሯም ከእርሷ ጋር ይመረምሩት ነበር። የፕሮግራሙ ዋና ፍሬ ነገር ይኸው ነበር፤ የቀረው ንግግርና መጽሐፍ በየትም ይገኛል።

«ነርስ ፕራክቲሽነር» የሚለው ስያሜ የመጣው ከሌላ በር፣ ከሕፃናት ሕክምና ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ነርሷ ሎሬታ ፎርድና ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ጀመሩት። ሁለቱ ጅረቶች ኋላ ተገናኝተው፣ ዛሬ በአሜሪካ የአእምሮ ሕክምና ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን የነርስነት ፈቃድ፣ ከዚያም የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ትምህርትና አገር አቀፍ ፈተና ያስፈልጋል። በክትትል ሥር የሚደረገው የክሊኒክ ልምምድ ዝቅተኛ መጠንም በ2022 በወጣው መመዘኛ ከ500 ወደ 750 ሰዓት ከፍ ብሏል። ይህን ሁሉ ያለፈች ነርስ ያለ ሐኪም ስምምነት መድኃኒት ማዘዝ መቻሏ ግን ዛሬም እንደየክፍለ ግዛቱ ሕግ ይለያያል።

በኢትዮጵያ ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻላይዜሽን ትምህርት የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ አማኑኤል ሆስፒታል በዓለም ጤና ድርጅት ድጋፍ ነርሶችን ለአንድ ዓመት እያሠለጠነ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ይልክ ነበር። እነዚህ ነርሶች በሽተኛ ይመረምራሉ፣ የበሽታውን ዓይነት ይለያሉ፣ መድኃኒት ያዝዛሉ፤ የአሜሪካ ባልደረቦቻቸው ከማስተርስ በኋላ በየምክር ቤቱ ሲከራከሩለት የኖሩትን ሥልጣን ከመጀመሪያው ቀን ይዘውታል። ሥልጣኑን የሰጣቸው የታሰበበት ፖሊሲ ነው ማለት ግን ያዳግታል፤ ሌላ ሰው አለመኖሩ ነው። የፔፕላው ተማሪዎች በየጊዜው የሚያገኙት፣ ሥራቸውን ከጎናቸው ሆኖ የሚመረምርላቸው መምህር ለእነርሱ ብርቅ ነበር፤ በአገሪቱ የነበሩት ጥቂት ሳይካትሪስቶች በአብዛኛው የሚሠሩት አዲስ አበባ ነበርና።