ከልጁ ቀድሞ የሚደርስ ወሬ

በደብረ ታቦርና በጉና ተራራ ዙሪያ ባለው ደጋ ሕፃን ወንድ ከሆነ በ40፥ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል። ልጁ ዳውን ሲንድሮም ያለበት እንደ ሆነ፥ ብዙዎች እናቶች ይህን የሚሰሙት ከዚያ በኋላ ነው፤ ልጁን አስቀድመው ያውቁታል፥ የሐኪም ቃል ኋላ ይደርሳል። ይህ ቅደም ተከተል በሌላው ዓለም እንዴት እንደ ተገለበጠ ባጭሩ እንመለከታለን።

እንግሊዛዊው ሐኪም ላንግደን ዳውን በ1866 እ.ኤ.አ. ሁኔታውን የገለጸው የተወለዱትን አይቶ ነበር። በ1959 ፈረንሳዊው ዤሮም ለዠንና ባልደረቦቹ ምክንያቱ ትርፍ 21ኛ ክሮሞዞም መሆኑን አስታወቁ። በ1968 የእንሽርት ውሃ ተመርምሮ ጽንሱ በማኅፀን ሳለ ታወቀ። ከ2011 ወዲህ የእናቲቱ ደም ብቻ ጥርጣሬውን ያመለክታል፤ ማረጋገጡ ግን ሌላ ምርመራ ይጠይቃል።

በአገራችን የ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551፥ ጽንሱ የማይድን ከባድ የአካል ጉድለት ሲኖረው ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ዳውን ሲንድሮምን ግን በስም አልጠራም። ስለዚህ ከሕጉ ይልቅ የነጋሪው ቃል ይከብዳል።

እኛ መዘግየቱን አናመሰግንም፤ ከነዚህ ሕፃናት ግማሽ ያህሉ የልብ ሕመም ይዘው ስለሚወለዱ ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። ነገር ግን ነጋሪው የክሮሞዞሙን ቁጥር ተናግሮ፥ ልጁ የሚስቅ፥ የሚማር፥ ከሰው ጋር የሚኖር መሆኑን ካላከለበት ወሬው ጎደሎ ነው።